ኋላ የማይቀየረውን ቀድሞ መግዛት፦ ለእንጨት ሥራ ዲዛይን የሚሆን ኮምፒውተር አመራረጥ

ጅማ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ዛሬ የወጥ ቤት ካቢኔት ሲያዝ በእርሳስ የተነደፈ ወረቀት አይቶ ብቻ አይረካም። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ መሳቢያው ሲሳብ ከማቀዝቀዣው ጋር ይጋጭ እንደሆነ፣ የዋንዛው ቀለም ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደሚታይ በስክሪን ማየት ይፈልጋል። ለእኛ ለእንጨት ሠራተኞችም ቢሆን ጥቅሙ ትልቅ ነው። ስዕል ላይ የተሳሳተ ልኬት በአንድ ደቂቃ ይታረማል፤ አጥሮ የተቆረጠ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ግን ተመልሶ አይረዝምም።

የመጀመሪያውን ላፕቶፕ የገዛሁት ከመዳፍ ማሳረፊያው አጠገብ የተለጠፈውን አይ7 የሚል ምልክት አይቼ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ አይ7 እኮ ነው፤ የማይችለው ነገር የለም» አለኝ፤ አመንኩት። ከሳምንት በኋላ አንዲት ደንበኛ ቤት ሄጄ የካቢኔቱን ስዕል ከፈትኩና ጎኑን ላሳያት ሳዞረው ምስሉ ደርቆ ቀረ። ፕሮግራሙን ዘግቼ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሥቼ፣ ፋይሉ እስኪከፈት ድረስ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ተቀዳ። ሴትየዋ ጨዋ ስለሆኑ ምንም አላሉኝም፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰው ሰጡት። በኋላ የኮምፒውተሩን ሙሉ ስም ሳነብ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ኮር አይ7-6600ዩ ነበር። ሁለት ኮር (ስሌቱን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ያለው፣ ኃይል እንዲቆጥብ ታስቦ የተሠራ ነው። ራሙ (ሥራ ላይ ያለውን የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋባይት፣ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። አይ7 መሆኑ ውሸት አልነበረም፤ እኔ የምፈልገው አይ7 ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሌሎች ባለሙያዎችም ስመርጥ አንድ ደንብ አልለቅም፦ ገንዘቡን አስቀድሞ ኋላ ሊቀየር በማይችለው አካል ላይ ማዋል። በላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድና ስክሪኑ እንደተገዙ ይኖራሉ ማለት ይቻላል። ራምና ዲስክ ግን በአብዛኞቹ ላይ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራሉ። ሻጮች የሚያሳዩን ደግሞ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ «16 ራም፣ 1 ቴራ» ብለው ይጀምራሉ፤ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ካልጠየቅናቸው አያነሱትም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ወስኑ

የትኛውን ፕሮግራም እንደምትጠቀሙ ሳታውቁ ኮምፒውተር ለመግዛት አትውጡ። ለእንጨት ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ስኬችአፕ ነው። ለመማር ቀላል ነው፤ ኦፕንካትሊስት የሚባለው ነጻ ተጨማሪም የእያንዳንዱን ቁራጭ ልኬት አውጥቶ በ2440 በ1220 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ላይ እንዴት እንደሚደረደር ያሳያል። በኮምፒውተር ላይ ከሚጫኑት ውስጥ በነጻ የተሰጠው የመጨረሻው ቅጂ ስኬችአፕ ሜክ 2017 ነው (ቁጥሩ የፈረንጆች ዓመት ነው)። አሁን ያለው ነጻ ስኬችአፕ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሥራውም ይቋረጣል። ሙሉው ቅጂ በዓመት የሚከፈልበት ሲሆን ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ካርድ ነው።

ይህ የሚከብዳችሁ ፍሪካድን ሞክሩ። ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። 1.0 የተባለው ቅጂው የወጣው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ለእንጨት ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ተጨማሪም አለው። አለማመዱ ከስኬችአፕ ይከብዳል፤ ልኬት ስትቀይሩ ግን ሙሉ ካቢኔቱ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጎ መሥራት ይቻላል። የክፍል ውስጥ አቀማመጥ ብቻ ለማሳየት ደግሞ ስዊት ሆም ስሪዲ ይበቃል፤ እሱም ነጻ ነው። የተሰበረ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ቅጂ በፍላሽ አምጥቶ መጫንን እኔ አልመክርም። አብሮት የሚገባው ቫይረስ የደንበኞቻችሁን ስዕል በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል፤ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ማንንም ልትጠይቁ አትችሉም።

ሥራችሁ ከሦስቱ ከየትኛው እንደሚመደብ ለዩ። አንደኛው ሳጥን፣ ቁም ሳጥን፣ መደርደሪያና አልጋ እየሳላችሁ የመቁረጫ ዝርዝር ማውጣት ነው፤ ይህ ቀላል ነው። ሁለተኛው ጥምዝ ያለው ወንበር፣ የተቀረጸ በር፣ ሙሉ የወጥ ቤት ካቢኔት ከነእጀታውና ከነማጠፊያው መሳል ነው። ሦስተኛው ፎቶ የመሰለ ምስል ማውጣት (ሬንደር) ነው፤ በቪሬይ፣ በኤንስኬፕ፣ በብሌንደር ወይም በሉሚዮን። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትሻገሩ የኮምፒውተሩ ዋጋ በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በእውነት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቡበት። አብዛኛው የጅማ ደንበኛ ከስኬችአፕ የሚወጣውን ጥርት ያለ ምስል አይቶ ቀብድ እንደሚከፍል በሥራዬ አይቻለሁ።

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚነዳ መቁረጫና መቅረጫ) ማሽን ያላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አስፓየርን የመሰሉት የመቅረጫ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዊንዶውስ ነው፤ ስለዚህ አፕል ኮምፒውተር አትግዙ። ማሽኑን የሚነዳው ኮምፒውተር ደግሞ ከምትስሉበት የተለየ ይሁን። ማሽን የሚነዳው ማች3 የተባለ ፕሮግራም በፓራለል ገመድ የሚሠራ ከሆነ 32 ቢት ዊንዶውስ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው የሚፈልገው። አዲሱን ኮምፒውተር እዚያ ብናኝ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁን መፈተኛ ፋይል አዘጋጁ

ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ከሠራችኋቸው ሁሉ ከባድ የሆነውን ስዕል በፍላሽ ያዙ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ሥራ ላይ ካለ ባለሙያ ለምኑ፤ ወይም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ከሚማሩ የምሕንድስና ተማሪዎች አንዱን ጠይቁ።

ከባድ ስንል በመጠን ትልቅ ማለት አይደለም። የኔ መፈተኛ ፋይል ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ግድግዳ ሙሉ የወጥ ቤት ካቢኔት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። በርጩማው ከካቢኔቱ ይልቅ ኮምፒውተሩን ያስጨንቀዋል። የካቢኔት ሳጥን ጎን ስድስት ገጽ ብቻ ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው በርጩማ ግን ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ መቀመጫው እንደ ሰሐን ጎድጉዷል፣ እግሮቹ ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፣ መገናኛቸውም ጥምዝ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ጥምዝን የሚስለው በትንንሽ ቀጥ ያሉ ገጾች ነው።

ስኬችአፕ ላይ ክብ ስትስሉ ያለ ሌላ ትእዛዝ የሚሰጣችሁ 24 ጎን ያለው ቅርጽ ነው። በቶርኖ የሚወጣ የአልጋ እግር ሳላችሁ እንበል። የእግሩ ቅርጽ ከላይ እስከ ታች በ40 ቁርጥራጭ መስመር ቢሳል፣ ዙሪያው 24 ሲሆን 960 ገጾች ይወጣሉ። ለስለስ ይበል ብላችሁ ዙሪያውን 96 ብታደርጉት 3,840 ይሆናል። አልጋው አራት እግር አለው፤ 15,360 ገጽ ማለት ነው፤ ገና ፍራሹም ራስጌውም ሳይሳል።

ስለዚህ «ኮምፒውተሬ አልቻለም» ብላችሁ አዲስ ለመግዛት ከመሄዳችሁ በፊት ስዕላችሁን አቅልሉ። ከኢንተርኔት የወረደ ማጠፊያ ከነብሎኖቹ ጥርስ የተሳለ ሊሆን ይችላል፤ በካቢኔቱ ላይ አርባ ጊዜ ስትደግሙት ስክሪኑ የሚስለው የአርባውንም ጥርስ ነው። ማጠፊያውን አንድ ጊዜ ኮምፖነንት (ፋይሉ ውስጥ አንዴ ተቀምጦ የሚደጋገም አካል) አድርጋችሁ ብትደጋግሙት ፋይሉ በጣም ይቀላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን አሁንም ሁሉንም ስለሚስል ቀለል ባለ ቅርጽ መተካቱ ይሻላል። እኔ ጋ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ይህን ካደረገ በኋላ በአሮጌው ላፕቶፑ ተጨማሪ አንድ ዓመት ሠርቶበታል።

ደረጃ 3፦ ፕሮሰሰሩን በሙሉ ስሙ ጠይቁ

አይ5፣ አይ7 የሚለው ስም ግማሽ ስም ነው። የሚነግራችሁ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደል ነው። ኮር አይ5-12450ኤች የሚለውን ውሰዱ። 12 ትውልዱ ነው፤ ኤች የሚለው ፊደል ለከባድ ሥራ መሠራቱን ይናገራል። ዩ የሚለው ፊደል ኃይል ቆጣቢ ማለት ነው፤ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራ ጥሩ ነው፤ ረጅም ሥራ ሲጫንበት ግን ሙቀቱን ለመጠበቅ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። አራት አሐዝ ብቻ ካለ፣ ለምሳሌ 6600 ወይም 8250፣ የመጀመሪያው አሐዝ ትውልዱ ነው፤ እንደ 1235ዩ በ1 የሚጀምር ከሆነ ግን ትውልዱን የሚነግሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሐዞች ናቸው። ኢንቴል በቅርብ ጊዜ ኮር አልትራ የሚል ሌላ አሰያየም ጀምሯል፤ እሱ ላይም የመጨረሻውን ፊደል ተመልከቱ። በኤኤምዲ ራይዘን ላይም የመጨረሻው ፊደል በተመሳሳይ መንገድ ይነበባል፤ ራይዘን 5 5600ኤች ለኛ ሥራ ጥሩ ምርጫ ነው።

ስኬችአፕ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር ነው። ሌሎቹ ኮሮች ቆመው ያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለስዕል ብቻ ከሆነ ብዙ ኮር ካለው አሮጌ ፕሮሰሰር ይልቅ ጥቂት ኮር ያለው አዲስና ፈጣን ይሻላል። ከአንድ ኩባንያ የወጣ አሮጌ የሰርቨር ፕሮሰሰር ያለበት ዴስክቶፕ «12 ኮር ነው» ተብሎ ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ፤ የአንዱ ኮር ፍጥነት ዝቅተኛ ከሆነ ካቢኔታችሁን ለማዞር አይረዳችሁም። በፕሮሰሰር የሚሠራ ሬንደር ግን የተለየ ነው፤ እሱ ያለውን ኮር ሁሉ ይጠቀማል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች አትውረዱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን ኢንቴሎች ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። ዛሬ ርካሽ የመሰለው ሰባተኛ ትውልድ ነገ የምትጭኑበት ፕሮግራም ያጣል።

ደረጃ 4፦ ግራፊክስ ካርድ

ስዕሉን በማውስ ይዛችሁ ስታዞሩ ቶሎ የሚታዘዘው ወይም የሚንቀረፈፈው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ለመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ይበቃል፤ በተለይ ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ያለው። ለሁለተኛው ዓይነት ራሱን የቻለ ኤንቪዲያ ካርድ ፈልጉ፤ ጂቲኤክስ 1650 ወይም አርቲኤክስ 3050 ባለ 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ምቹ ነው። ኤምኤክስ የሚል ስም ያላቸው ካርዶች ደካማ ናቸው፤ «ኤንቪዲያ አለው» በሚል ብቻ አትክፈሉባቸው። ለሬንደር ከ8 ጊጋባይት በታች የሆነ ካርድ ባትገዙ እመርጣለሁ። የእንጨት ቀለምና ጅማት የሚሰጡት ምስሎች የካርዱን ማስታወሻ ቶሎ ይሞላሉ፤ ሲሞላም ሬንደሩ ይዘገያል ወይም ተቋርጦ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ ስክሪን፣ ቁጥርና ማውስ

ስክሪኑ 1920 በ1080 ይሁን። 1366 በ768 በሆነው ላይ የመሣሪያ ምልክቶቹ ቦታውን ይዘውት ለስዕሉ የሚተርፈው ጠባብ ነው። ሱቅ ውስጥ ስክሪኑን ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱት፤ ደንበኛ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያየው ከዚያ ነው። ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚገረጣ ከሆነ የዋንዛው ቀይ ቡናማ ወደ ቢጫ ይለወጥና ካቢኔቱ ሲደርስ «ያሳየኸኝ ይህን አይደለም» ትባላላችሁ። አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይህ ችግር አይኖርበትም።

ቁልፍ ሰሌዳው በቀኝ በኩል የተለየ የቁጥር ሰሌዳ እንዲኖረው እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቹ 15.6 ኢንች ላፕቶፖች አላቸው። ቀኑን ሙሉ የምንጽፈው ልኬት ነው። የካቢኔቱ የውጭ ስፋት 600፣ ሁለቱ ጎኖች 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ፣ ስለዚህ የመደርደሪያው ርዝመት 564። 564 ጽፎ ኢንተር መጫን በቁጥር ሰሌዳ ዓይንን ከስዕሉ ሳያነሱ ይሠራል። ባለ መሽከርከሪያ ማውስም ግዙ፤ ስኬችአፕ ላይ መሽከርከሪያውን ተጭኖ መያዝ ስዕሉን ያዞራል፣ ማሽከርከር ያቀርባል ያርቃል። በላፕቶፑ መዳሰሻ ብቻ የሚሠራ ሰው ጊዜው በእጥፍ ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ ራምና ዲስክ

8 ጊጋባይት መነሻ ነው፤ 16 ምቹ ነው፤ 32 የሚያስፈልገው ለሬንደር ነው። ሁለት ባለ 8 ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፤ በተለይ የራሱ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ሊሆን ስለሚችል «ይጨመራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዲስኩ ግዴታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዓይነት) ይሁን፤ 512 ጊጋባይት ይበቃል። የድሮ ሥራ በርካሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

ደረጃ 7፦ ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ?

በተመሳሳይ ገንዘብ ዴስክቶፕ የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ሲበላሽም በየክፍሉ ይጠገናል፤ ግራፊክስ ካርዱም ኋላ ይቀየራል። ያም ሆኖ ደንበኛ ቤት ሄዶ ለክቶ ለሚመጣ፣ እዚያው ስዕሉን ለሚያሳይ ባለሙያ እኔ ላፕቶፕ እመርጣለሁ። የመብራቱም ነገር አለ። ጊልገል ጊቤ ቅርባችን ቢሆንም መብራት ይጠፋል፤ ላፕቶፕ በባትሪው ሥራውን ይጨርሳል። ወርክሾፑ ውስጥ ደግሞ ትልቁ መጋዝ ሲነሣ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ ከሆነ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ይህን ይችላል፤ ቻርጀሩ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ዴስክቶፕ ከሆነ ግን መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ከዋጋው ጋር አብራችሁ ደምሩ። ዩፒኤስ ስትገዙ ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም። 650 ቪኤ የተባለው የሚሸከመው ብዙ ጊዜ 390 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ላለው ዴስክቶፕና ስክሪን 1000 ቪኤ ይሻላል። የሚሰጣችሁ ጊዜ ስዕሉን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ነው። ከመጋዙና ከኮምፕረሰሩ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩት። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከኋላው 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ ካለው ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ።

ደረጃ 8፦ ሱቅ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት

ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ። ሻጩን በአክብሮት «አንድ ፋይል ልሞክርበት» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ እኔ እንዲህ ካለ ቦታ ገዝቼ አላውቅም፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳይጨምር።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አብራችሁ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም በቀኝ በኩል ይታያል። ተለጣፊው የሚለውንና ይህን አወዳድሩ፤ ተለጣፊ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። እዚያው ሜሞሪ ላይ ራሙ ስንት እንደሆነና ከሁለቱ ቦታ ስንቱ እንደተያዘ፣ ዲስክ ላይ ኤስኤስዲ መሆኑን፣ ጂፒዩ ላይ የካርዱን ስም ታገኛላችሁ። የካርዱን ማስታወሻ በሌላ መንገድ ለማጣራት የዊንዶውስን ምልክትና አር ፊደልን አብራችሁ ተጭናችሁ ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ የሚሉትን ስድስት የላቲን ፊደላት ጻፉና ኢንተር በሉ።

ከዚያ ፋይላችሁን ክፈቱ። ስዕሉን በማውስ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ እጃችሁን ተከትሎ ይሄዳል ወይስ እየዘለለ? ጥላን አብሩና ድገሙት፤ ጥላ ሲበራ ደካማው ኮምፒውተር ወዲያው ይለያል። ቻርጀሩን ንቀሉና አሁንም አዙሩት፤ በባትሪ ሲሆን አንዳንዱ ፍጥነቱን በጣም ይቀንሳል፣ እናንተ ደግሞ ደንበኛ ቤት የምታሳዩት በባትሪ ነው። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ካሠራችሁት በኋላ ከቁልፍ ሰሌዳው በላይ ያለውን ቦታ በእጃችሁ ዳስሱ። መሞቁ ያለ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የፈጠነው ስዕል አሁን ከዘገየ ማራገቢያው ወይም በውስጡ ያለው ቅባት ችግር አለበት። ባትሪው በሃያ ደቂቃው ውስጥ ከግማሽ በላይ ከወረደ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ይቀነስላችሁ።

የያዛችሁትን ፍላሽ በሁሉም መሰኪያ ሞክሩ። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ ፈልጉ። ደረሰኝ ሲጻፍ የኮምፒውተሩ ተከታታይ ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍበት።

አዲስ አበባ መርካቶ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ሄዶ መግዛት ብዙ አማራጭ ይሰጣል፤ ዋጋውም አንዳንዴ ይቀንሳል። ነገር ግን ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቢበላሽ ዋስትናውን ለማስፈጸም ሁለት ቀን ሥራ ፈትቶ መመላለስ ይመጣል። የዋጋው ልዩነት የአንድ ደርሶ መልስ ጉዞና የሁለት ቀን ገቢን ካልበለጠ እዚሁ ከተማችን ግዙ።

ደረጃ 9፦ ወርክሾፕ ከገባ በኋላ

ሁለት ግራፊክስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ስኬችአፕን በደካማው ሊያሠራው ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብታችሁ ፕሮግራሙን ምረጡና ከፍተኛ አቅም የሚለውን ስጡት። ይህን ባለማድረግ ብቻ ጥሩ ላፕቶፕ ገዝቶ የሚማረር ሰው አውቃለሁ።

የኤምዲኤፍ ብናኝ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በማራገቢያው ገብቶ የሙቀት ማውጫውን ክንፎች ይደፍናል። ኮምፒውተሩ ከመቁረጫው ተለይቶ በር ባለው ክፍል ይቀመጥ። ከተቻለ በወር አንድ ጊዜ ዝጉትና በለስላሳ ብሩሽና በነፋስ አጽዱት። ነፋስ ስትነፉበት ማራገቢያውን በቀጭን እንጨት ያዙት፤ በነፋሱ ኃይል ከሚገባው በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። ላፕቶፕን በጨርቅ ወይም በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ አታሳርፉ፤ አየር የሚስበው በሆዱ በኩል ነው። ክረምት ላይ እርጥበቱ ሲበዛ ለሳምንት ተዘግቶ ከሚቆይ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ቢበራ ይሻለዋል።

ስኬችአፕ ያለ ትእዛዝ በየአምስት ደቂቃው ራሱ ያስቀምጣል፤ እሱን ብቻ ግን አትመኑ። ማታ ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን ፋይል ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ፤ አንድ ቅጂም በቴሌግራም ለራሴ እልካለሁ። ፋይሉን የደንበኛውን ሰፈርና ቀኑን ጽፌ እሰይመዋለሁ፦ ሄርማታ፣ ወጥ ቤት፣ ጥር 12። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ደንበኛ ደውሎ «በዚያው ልክ ለልጄም ሥራልኝ» ሲል ቤቱን እንደገና መለካት ሳያስፈልገኝ የመቁረጫ ዝርዝሩን ከዚያ አወጣለሁ።